ዓመፀኛው ማን ነበር? ቦዲካና «ዓመፀ» የሚለው ግስ

ጥያቄ፦ ለወጣቶች የሚሆን የዓለም ታሪክ መጽሐፍ እያዘጋጀን ነው። «የብሪታንያዋ ንግሥት ቦዲካ በሮማውያን ላይ ዓመፀች» ብዬ ጽፌ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ «ዓመፁስ የሮማውያን ነበር፤ እርሷ ምን በደለች?» ብላ በቀይ ሰረዘችብኝ። «ሸፈተች» ልበል ብላትም አልተስማማችም። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ የሚጻፈው «አመጽ» ነው ወይስ «ዓመፅ»?

መልስ፦ ባልደረባዎ ለቃል ጥሩ ጆሮ አላቸው። በግእዝ «ዐመፀ» ማለት በደለ፣ ግፍ ሠራ ማለት ነው፤ «ዐመፃ»ም በደሉ ራሱ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የዓመፃ ገንዘብ» የሚለውን አንብቦ በአደባባይ ሰልፍ የተዋጣ ገንዘብ የሚመስለው አንባቢ የለም። ቃሉ በገዥ ላይ መነሣት ወደሚለው ትርጉም የተሻገረበት መንገድም አያስቸግርም፤ በገዥ ዓይን «አልገዛም» ማለት ራሱ በደል ነው። ዛሬ «የባሌ ገበሬዎች ዓመፅ» ብለን ስንጽፍ ገበሬዎቹን መኮነናችን አይደለም። አሮጌው ፍርድ ግን ከቃሉ ሥር ጨርሶ አልደረቀም።

እስቲ ቦዲካን በዚህ ቃል እንመዝናት። ባሏ ፕራሱታጉስ ዛሬ ኖርፎክ በሚባለው የምሥራቅ እንግሊዝ ምድር የአይሴኒዎች ንጉሥ ነበር፤ ለሮም እየገበረ ዘውዱን ይዞ የኖረ ሰው ነው። ሲሞት ግዛቱን ለሁለት ሴቶች ልጆቹና ለቄሣሩ ለኔሮን በጋራ ተናዘዘ፤ ቄሣርን ወራሽ ካደረግሁት ቤቴ አይነካም ብሎ ነበር። የሮም ሹማምንት ኑዛዜውን ከቁብ አልቆጠሩትም። ቤቱን እንደ ምርኮ በረበሩት፣ ቦዲካን ገረፏት፣ ልጆቿን ደፈሩ፣ የመኳንንቱን ርስት ነጠቁ። ዘግይቶ የጻፈው የሮም ታሪክ ጸሐፊ ካሲየስ ዲዮ ደግሞ ፈላስፋው ሴኔካ ለብሪታንያውያን በግድ ያበደረውን 40 ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) ባንድ ጊዜ መልሱ ማለቱን እንደ ሌላ ምክንያት ያነሣል። ይህ ሁሉ በግእዙ ሚዛን ዓመፃ ነው፤ ባልደረባዎ ያሉትም ይህንኑ ነው።

እግረ መንገዴን፣ «ደፈሩ» የሚለው ግስ እዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ይሸከማል። በአማርኛ አገርም ይደፈራል፣ ድንበርም ይደፈራል፣ ሴትም ትደፈራለች። በላቲን የጻፈው ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በቦዲካ አፍ ያስቀመጠው ንግግር የተነጠቀ ነጻነቷን፣ በጅራፍ የተተለተለ ገላዋንና የልጆቿን ክብር ባንድ ትንፋሽ ይጠራል። ላቲኑ ለየብቻ የሚቆጥረውን የእኛ ግስ ብቻውን ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ብናቆም ግን ለባልደረባዎ ማድላት ይሆንብናል። እ.ኤ.አ. በ60 ወይም በ61 ቦዲካ አይሴኒዎችንና ጎረቤቶቻቸውን ትሪኖቫንቶችን አስከትላ ሦስት ከተሞች አቃጠለች፤ ካሙሎዱኑምን (የዛሬዋን ኮልቸስተር)፣ ለንደንንና ዛሬ ሴንት አልባንስ አጠገብ ያለችውን ቬሩላሚየምን። ካሙሎዱኑም የጡረተኛ ወታደሮች ሰፈር ነበረች፤ በመጨረሻ የተከላከሉት በቄሣር ክላውዲዮስ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሁለት ቀን ተከበው አለቁ። በሦስቱ ከተሞች 70,000 ያህል ሰው እንደሞተ ታሲተስ ይናገራል፤ ለምርኮ የተረፈ አልነበረም ይላል። ቁጥሩ የሮማዊ ቁጥር ነው፤ በጥርጣሬ መያዝ ደግ ነው። አፈሩ ግን አይጠረጠርም፤ በኮልቸስተርም በለንደንም ጠልቀው ሲቆፍሩ በእሳት የተጠበሰ ቀይ ጭቃ ተነጥፎ ይገኛል። ስለዚህ በጥንታዊው ትርጉም ከሄድን «ዓመፀኛ» የሚለው ስም ለአንድ ወገን ብቻ አይሰጥም።

«ሸፈተች»ን ግን ይተዉት። ስድብ ስለሆነ አይደለም፤ ካሳ ኃይሉ ቋራ ላይ ሸፍተው ነው በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የሆኑት። ሽፍታ ግን ጥቂት ተከታይ ይዞ ዱር ቤቴ ያለ ሰው ነው። ቦዲካ ጫካ አልገባችም፤ ሕዝቡን ከነሴቱ ከነጋሪው አንቀሳቅሳ ነው የዘመተችው። እንዲያውም የፈጇት ጋሪዎቹ ናቸው። የሮማው አገረ ገዥ ስዌቶኒየስ ፓውሊኑስ 10,000 የሚያህል ጦር ይዞ ከኋላው ደን ባለበት ጠባብ ቦታ ጠበቃት። የጦሯ ሚስቶች ድሉን ሊያዩ የተቀመጡባቸው ጋሪዎች ከሜዳው ዳር ተደርድረው ነበርና፣ ወገኗ ሲሸሽ መውጫ አጣ። ሽፍታ ቢሆኑ ኖሮ ተራራውን ይዘው ይጠፉ ነበር።

ታሲተስ ራሱ ምን አለ? ትሪኖቫንቶችም እንደተቀሰቀሱ ሲጽፍ የተጠቀመበት የላቲን ቃል «ጦርነት» ከሚለው የወጣ ነው፤ ጥሬ ፍቺው የተሸነፈ ወገን እንደገና መዋጋቱ ማለት ነው። በዚያው ዓረፍተ ነገር ሌሎችም ነጻነታቸውን ለማስመለስ በምስጢር ተማምለው እንደነበር ይነግረናል። ሮማዊው እንኳ በቃሉ ያልፈረደውን እኛ በግስ ምርጫ መፍረዳችን ትንሽ ያስቃል።

እኔ ብሆን «ተነሣች» እል ነበር። «ቦዲካ ግፉ ቢበዛባት ሕዝቧን አስከትላ በሮም ላይ ተነሣች።» ይህ ግስ በዳይና ተበዳይን ለይቶ አይፈርድም፤ ፍርዱን «ግፉ» የሚለው ቃል በግልጽ ይናገረዋል። የ«ተነሣ» ችግሩ ስም ሲሆን ነው፤ «የቦዲካ መነሣት» ብለው ርእስ ቢሰጡት ከእንቅልፏ የነቃች ይመስላል። ለርእስ «የቦዲካ ዓመፅ» ይሁን፤ ተለምዷል፣ አንባቢም አይሳሳትበትም።

አጻጻፉ በዓይኑ ዓ እና በፀሐዩ ፀ ነው፤ ዓመፅ። ጋዜጦች «አመጽ» ሲሉ ትርጉሙ አይለወጥም፤ ለወጣት አንባቢ ግን ከግእዝ ሥሩ ጋር የሚያገናኘውን ፊደል ባያስጥሉት እመርጣለሁ።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። «ንግሥት» ያሏትን ሴት ታሲተስ በዚህ ስም አይጠራትም፤ አንድ ቦታ የፕራሱታጉስ ሚስት፣ ሌላ ቦታ ከንጉሥ ዘር የሆነች ሴት ይላታል፤ ብሪታንያውያን ለአመራር ወንድና ሴት አይለዩም ሲልም ያክላል። በእኛ ወግ የንጉሠ ነገሥት ሚስት እቴጌ ናት፤ ጣይቱ እቴጌ ነበሩ፣ ዘውዲቱ ግን በራሳቸው ዘውድ የነገሡ ንግሥተ ነገሥታት። ቦዲካ ከሁለቱ ለአንዱም በልክ አትገባም። «እቴጌ ቦዲካ» ብለው ካባ ከማልበስ ግን «ንግሥት» ያሉትን እንዳለ ይተዉት።