ፓይፕ ሲዘጋና ሲሞላ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ በሊኑክስ ላይ የልጅ ፕሮሰስን (በሌላ ፕሮሰስ የተፈጠረ ፕሮሰስ) ውጤት ከፓይፕ፣ ማለትም በፕሮሰሶች መካከል ዳታ ከሚያስተላልፍ ቧንቧ፣ በ«ፖል» (ዳታ መምጣቱን በሚጠብቅ የሲስተም ጥሪ) እየጠበቀ የሚያነብ የሲ ፕሮግራም አለኝ። ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ የመጨረሻዎቹ መስመሮች አንዳንድ ጊዜ ይጠፋሉ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚደርሰው «ፖልሀፕ» የተባለው የ«ፖል» ምልክት እንደታየ ፓይፑ ወዲያው ሲዘጋ ነው። ፖልሀፕ የሚያሳውቀው በመጻፊያው ጫፍ በኩል ማንም እንዳልቀረ ብቻ ሲሆን፣ ልጁ ከመውጣቱ በፊት የጻፈው ዳታ ግን በከርነሉ (በሲስተሙ ዋና ክፍል) በፈር፣ ማለትም በጊዜያዊ ማከማቻው፣ ውስጥ እስኪነበብ ድረስ ይቆያል። ልጁ ሦስት መስመር ጽፎ ወዲያው ቢወጣ «ፖልኢን» (የሚነበብ ዳታ አለ የሚል ምልክት) እና ፖልሀፕ በአንድነት ይመጣሉ፤ ፖልሀፕን አስቀድሞ የሚመረምርና የሚዘጋ ኮድ እነዚያን ሦስት መስመሮች ሳያነብ ይጥላቸዋል።

ተቃራኒው ስህተትም ከዚህ ያላነሰ ጉዳት አለው። በሊኑክስ በፈሩ ባዶ ከሆነ በኋላ የሚመጣው ፖልሀፕ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፖልኢን ሲመጣ ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም የፋይሉን ፍጻሜ ፈጽሞ አያይም፣ «ፖል»ም በተጠራ ቁጥር ወዲያው ስለሚመለስ ሉፑ ፕሮሰሰሩን እየበላ ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል። እኔ የምመክረው ከሁለቱ አንዱ ሲመጣ «ሪድ»ን (የማንበቢያውን ጥሪ) መጥራትና ፓይፑን «ሪድ» ዜሮ ሲመልስ፣ ማለትም ዳታው ሲያልቅ፣ ብቻ መዝጋት ነው። ፍጻሜው ላይ ሁለቱንም ምልክቶች በአንድነት የሚያሳዩ ሌሎች ሲስተሞች ስላሉ፣ ይህ አሠራር እዚያም ሳይለወጥ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ልጁ ወጥቷል፤ ነገር ግን ፖልሀፕም የ«ሪድ» ዜሮም አይመጣም።

መልስ፦ የመጻፊያው ጫፍ በሌላ ፕሮሰስ እጅ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ ያ ፕሮሰስ ከ«ፎርክ» (ልጁን ከሚፈጥረው ጥሪ) በኋላ ያልዘጋው ወላጁ ራሱ ነው። ሌሎች ልጆችም ስለሚወርሱት፣ ፓይፑን በ«ፓይፕ2» ከ«ኦ_ክሎኤግዜክ» ጋር፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም ሲነሣ ጫፉ በራሱ እንዲዘጋ አድርጎ፣ መክፈት ይበጃል።

ጥያቄ፦ «ፖልአውት» (መጻፍ ይቻላል የሚል ምልክት) ከመጣ በኋላ 100,000 ባይት ስጽፍ ፕሮግራሙ ለምን ይቆማል?

መልስ፦ ፖልአውት ጥቂት ቦታ መኖሩን እንጂ ሊጽፉት ያሰቡት ሁሉ የሚበቃው ቦታ መኖሩን አይናገርም። በሊኑክስ የተለመደው የፓይፕ መጠን 65,536 ባይት ስለሆነ፣ አንባቢው እስኪያነብ ድረስ «ራይት» (የመጻፊያው ጥሪ) ይጠብቃል። ጫፉን በ«ኦ_ኖንብሎክ»፣ ማለትም «ራይት» ቆሞ እንዳይጠብቅ አድርገው፣ ይክፈቱት፤ «ራይት» የተቀበለውን ባይት ቁጥር ይመልስልዎታል፣ የቀረውን ይዘው ቀጣዩን ፖልአውት ይጠብቁ። የሚጻፍ ነገር በሌለ ጊዜ ፖልአውትን ለ«ፖል» ከሚሰጡት የምልክቶች ዝርዝር ያውጡት፤ አለዚያ «ፖል» በከንቱ እየነቃ ይመለሳል።

ብዙ ጸሐፊዎች አንድ ፓይፕ የሚጋሩ ከሆነ፣ መልእክቱ ከ4,096 ባይት ካልበለጠ በሊኑክስ ሳይቆራረጥና ከሌላው ሳይደባለቅ ይገባል። ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደረጃ) የሚያረጋግጠው ዝቅተኛ ገደብ ግን 512 ነው።

ጥያቄ፦ አንባቢው ቀድሞ ሲወጣ የእኔ ፕሮግራም ያለ አንዳች መልእክት ይሞታል።

መልስ፦ የሚገድለው «ሲግፓይፕ»፣ ማለትም አንባቢ በሌለው ፓይፕ ላይ ሲጻፍ ከርነሉ የሚልከው ሲግናል፣ ነው። ይህን ሲግናል ችላ እንዲል ካደረጉት «ራይት» የ«ኢፓይፕ» ስህተት ይመልሳል፣ «ፖል»ም በመጻፊያው ጫፍ ላይ «ፖልኤር»ን (የስህተት ምልክት) ያሳያል። ችላ የማለቱ ቅንብር በ«ኤግዜክ» ለሚነሡ ፕሮግራሞች ስለሚተላለፍ፣ ልጁ ሌላ ፕሮግራም ከማስነሣቱ በፊት ወደ ነበረበት ይመልሱት።