ጽሑፍዎ በሌላ ድረ ገጽ ላይ ተገልብጦ ሲወጣ አቤቱታው ለማን ይቅረብ?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በድረ ገጽዎ የሚያወጡት ጽሑፍ በደቂቃዎች ውስጥ ከነፎቶግራፉ በሌላ ድረ ገጽ ላይ ያለ ስምዎ እንደሚወጣ፣ ለባለቤቱ ደጋግመው ቢጽፉም ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳለዎት፣ ይባስ ብሎም ጉግል ላይ ሲፈለግ የእርሱ ቅጂ ከእርስዎ ቀድሞ እንደሚመጣ ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል። እኔም ለረጅም ጊዜ በኢንተርኔት ላይ ስጽፍ ይኸው ጣጣ በተደጋጋሚ ስለደረሰብኝ፣ ውጤት ያየሁበትንና ድካም ብቻ ያተረፍኩበትን ለይቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከባለቤቱ ጋር መጻጻፉን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። በእጁ የገለበጠ ሰው በትሕትና ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ያነሣል፤ ይቅርታ ጠይቀውኝ በዕለቱ ያነሡም አጋጥመውኛል። በደቂቃዎች ውስጥ የሚወጣ ቅጂ ግን የሰው እጅ የነካው አይመስለኝም፤ የድረ ገጽዎን አርኤስኤስ (አዳዲስ ጽሑፎችን ለተከታታዮች በራሱ የሚያሰራጨውን መስመር) የሚከታተል ፕሮግራም አዲስ ጽሑፍ ባየ ቁጥር ወስዶ ይለጥፈዋል፣ ኢሜይልዎን የሚያነብ ሰው እንኳ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አቤቱታዎን ያ ድረ ገጽ ያለ እነርሱ መኖር ለማይችላቸው ወገኖች ያቅርቡ፦ ሆስቲንግ ለሚሰጠው (የድረ ገጹን ፋይሎች በኮምፒውተሮቹ ላይ ለሚያስቀምጥለት) ኩባንያ፣ ለጉግልና፣ ማስታወቂያ የሚታይበት ከሆነ ለማስታወቂያ አቅራቢው።

ከዚያ በፊት ግን ማስረጃዎን ይሰብስቡ፤ ክስ የሸተተው ሰው ገጹን ለመለወጥ አይዘገይምና። ሙሉ አድራሻው የሚታይበት ስክሪንሾት ያንሡ፣ ከዚያም የእርስዎንም የእርሱንም ገጽ ኢንተርኔት አርካይቭ በሚያስተዳድረውና የድረ ገጾችን ቅጂ ከነቀናቸው በሚያኖረው ዌይባክ ማሽን ላይ ያስቀምጡ፤ እዚያ የሚመዘገበውን ቀን ከሁለታችሁ ማናችሁም ልትለውጡት አትችሉም። በአንድ ወቅት ከእኔ የተወሰደ ጽሑፍ ከእኔ በወራት የቀደመ ቀን ተለጥፎበት አገኘሁት፤ በገጽ ላይ የሚታይን ቀን ባለቤቱ እንዳሻው ሊጽፈው ይችላል። የገጹን ኮድ ከፍቼ ስመለከት ግን ፎቶግራፎቹ የሚጫኑት በቀጥታ ከእኔ ሰርቨር ነበር፣ በጽሑፉ መካከልም «ከዚህ ቀደም እንደጻፍኩት» የሚለው ሐረግ ወደ ራሴ ገጽ የሚወስደውን ሊንክ እንደያዘ ተቀምጧል። እጅ ከፍንጅ መያዝ ማለት ይህ ነው፤ ሆስቲንግ ሰጪው ሌላ ማስረጃ አልጠየቀኝም።

ሆስቲንግ ሰጪውን በመለየት ረገድ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ምዝገባ መረጃን በሚያሳየው ሁዊዝ በተባለው ፍለጋ የሚገኘው ስም በአብዛኛው ዶሜይኑን የመዘገበው ድርጅት ነው፤ ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ኩባንያ ለማወቅ የዶሜይኑን አይፒ አድራሻ (ድረ ገጹ ያለበትን ሰርቨር የሚለይ ቁጥር) አግኝቶ የዚያን አድራሻ ባለቤት መፈለግ ያስፈልጋል። ውጤቱ ክላውድፍሌር ከሆነ፣ እርሱ ብዙውን ጊዜ በጎብኚውና በሆስቲንግ ሰጪው መካከል የቆመ አስተላላፊ ኩባንያ ስለሆነ በራሱ የአቤቱታ ቅጽ ያመልክቱ፤ ጉዳዩን ፋይሎቹን ወደያዘው ኩባንያ ያስተላልፈዋል።

የአቤቱታው ይዘት እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣውና ዲኤምሲኤ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ተዘርዝሯል፤ ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ ከሆነ እርስዎ የሌላ አገር ዜጋ ቢሆኑም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ዋናውን ጽሑፍና ቅጂውን ከነአድራሻቸው መለየት፣ ራስዎ የሚገኙበትን መንገድ መግለጽ፣ አጠቃቀሙ እንዳልተፈቀደ በቅን ልቦና እንደሚያምኑና የሰጡት መረጃ ትክክል እንደሆነ ማረጋገጥ፣ የመብቱ ባለቤት ወይም ወኪል መሆንዎን በሐሰት ምስክርነት የሚያስጠይቅ መሆኑን አውቀው መግለጽ፣ በመጨረሻም መፈረም ይኖርብዎታል። የመነሻ ገጹን አድራሻ ብቻ መላክ አይበቃም፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ ከነቅጂው በአንድ መስመር አጣምረው ቢጽፉ ጉዳዩን የሚያየው ሠራተኛ ሥራው ይቀልለታል። ቁጣና ስድብ አይጨምሩበት። የቅጂ መብትዎን አስቀድመው አለማስመዝገብዎ አያሳስብዎ፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት መብቱ በምዝገባ ላይ እንዳይንጠለጠል አድርጓል። የሚጠበቀው ግን አጻጻፍዎ እንጂ ሐሳቡ ወይም መረጃው ስላልሆነ፣ ሐሳብዎን በራሱ ቃላት የጻፈን ሰው በዚህ መንገድ ሊያስነሡት አይችሉም።

በብዕር ስም የሚጽፉ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አቤቱታው ለተከሳሹ ሊደርስ ይችላል፣ ለጉግል የቀረቡት ደግሞ ሉመን በተባለው የሕዝብ መዝገብ ላይ ይወጣሉ። በወኪል ማስፈረም ይቻላል። ተከሳሹ በሕጉ መሠረት የተቃውሞ ማስታወቂያ ካቀረበ፣ እርስዎ ፍርድ ቤት መሄድዎን ካላሳወቁ በስተቀር ጽሑፉ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ በእኔ ልምድ ግን እንዲህ ዓይነት ድረ ገጾች ስማቸውን ገልጠው መቃወምን አይደፍሩም።

ወደ ጉግል ስንመጣ፣ የማስነሻ ቅጹ ቅጂውን ከፍለጋ ውጤት ያወጣዋል እንጂ ከኢንተርኔት አያጠፋውም። ጠቀሜታው ግን ቀላል አይደለም፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ተቀባይነት ያገኙ አቤቱታዎች የበዙበትን ድረ ገጽ በፍለጋ ደረጃው ዝቅ እንደሚያደርግ አሳውቋል። ቅጂው ስለሚቀድምዎ ጉዳይ ግን ጥፋቱን ሁሉ በሌባው ላይ ከመጣልዎ በፊት ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው ሰርች ኮንሶል በተባለው መሣሪያ የጽሑፍዎን አድራሻ ይመርምሩ። ጉግል አንድ ዓይነት ጽሑፍ በብዙ ቦታ ሲያገኝ አንዱን እንደ ዋና ይመርጣል፤ የመረጠው የትኛውን እንደሆነ እዚያው ይታያል። ገጽዎ በጉግል መዝገብ ውስጥ ጭራሹን ሳይገባ ቀርቶ ከሆነ ቅጂው ቢነሣም ችግርዎ አይፈታም።

ለወደፊቱ አርኤስኤሱ ሙሉ ጽሑፉን ሳይሆን መግቢያውን ብቻ እንዲያወጣ ያድርጉ፤ ድረ ገጽዎ ወርድፕሬስ በተባለው ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ በንባብ ማስተካከያው (Reading) ውስጥ ይገኛል። ይህ አንዳንድ ታማኝ አንባቢዎችን ቅር ያሰኛል፣ ነገር ግን በእርስዎ ሁኔታ የሚያዋጣ ይመስለኛል። በየጽሑፉ ውስጥ ወደ ቀደሙ ጽሑፎችዎ የሚወስዱ ሙሉ ሊንኮችን ማስገባትም አይርሱ፤ ከላይ እንዳየነው ማስረጃ ይሆኑዎታል። የማውዙን ቀኝ ቁልፍ የሚከለክሉ መሣሪያዎች ግን አንባቢን ከማሰልቸት በቀር ፕሮግራምን አያግዱም፤ ፕሮግራሞች የትኛውን ገጽ እንዳያነቡ በሚነገርበት በሮቦትስ ፋይል ላይ የሚጻፈውንም ክልከላ የሚያከብረው ማክበር የፈለገ ብቻ ነው።

አንባቢ የሌላቸውን ቅጂዎች እኔ አላሳድድም፤ ከዋና ዋና ጽሑፎቼ አንድ ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቼ አልፎ አልፎ ከመፈለግ አላልፍም። የእርስዎ ግን በፍለጋ የሚቀድምዎ ስለሆነ ሊተው አይገባውም። ለሆስቲንግ ሰጪውና ለጉግል በአንድ ቀን ያመልክቱ፣ በሳምንት ውስጥ መልስ ካጡ የተሰጠዎትን የጉዳይ ቁጥር ጠቅሰው ያስታውሷቸው፤ የሚሰጡዎትን መልስ እዚህ ቢያሰፍሩልን ደግሞ ቀጣዩን እርምጃ አብረን እናየዋለን።