ውኃውን እያማሰልሁ ብጸልይስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጀርመን ነው፤ እርሻ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባዮዳይናሚክ የሚሉት፣ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ የሚሠራ የእርሻ ዓይነት ነው። ማሳው ላይ ለመርጨት፣ በላም ቀንድ ውስጥ ከርሞ የወጣ እበት በውኃ በጥብጠን አንድ ሰዓት ሙሉ እናማስላለን። አሠሪዬ «ዝም ብለሽ አታዙሪ፤ መልካም ሐሳብሽን ወደ ውኃው አስገቢ» ይሉኛል። እኔም ስለምፈራ ወደ ቀኝ ሳዞር «አቡነ ዘበሰማያት»፣ ወደ ግራ ስመልስ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» እላለሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል? ወይስ ጸሎቴ ውኃውን ይቀድሰዋል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። እበት በውኃ መበጥበጥ ኃጢአት አይደለም። ቀንድ ሲባል ወዲያው ጥንቆላ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። አባቶቻችን በቀንድ ዋንጫ ጠጥተዋል፤ ቀንድ ቀንድ ነው።

የነገሩን ሥር ግን እወቂው። ሩዶልፍ ሽታይነር የተባለ ሰው በ1924 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለችው ኮበርቪትስ፣ ለገበሬዎች ያስተማረው ነው። እበቱ በመከር ቀንድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀበራል፤ በጸደይ ሲወጣ የእበት ሽታው ጠፍቶ እንደ ጫካ አፈር ጠቁሯል። ስታማስዪው መሐሉ ጠልቆ አዙሪት እስኪሠራ ትጠብቂያለሽ፤ ከዚያ አቅጣጫውን ትገለብጪዋለሽ። ዴሜተር የሚባለው የባዮዳይናሚክ ምርት ማረጋገጫ ምልክት ያለው እርሻ ይህን የመሥራት ግዴታ አለበት። ስለዚህ አሠሪሽ ምልክቱ ካላቸው ቢፈልጉም ሊተዉት አይችሉም። ሽታይነር ግን ነፍስ ደጋግማ በሌላ ሥጋ ትወለዳለች ብሎ የሚያስተምር ሰው ነበር። ቀንዱም ከሰማይ አካላት የሚመጣ ስውር ኃይል ይሰበስባል ይል ነበር። ይህን አንቀበልም። አፈሩን መንከባከብ ሌላ፣ ትምህርቱን መቀበል ሌላ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ጸሎትሽ ነው። አቡነ ዘበሰማያትን ለምን ወደ ቀኝ ብቻ? ሳታውቂው ጸሎትን ከሚቀላቀሉት ነገሮች እንደ አንዱ አድርገሽዋል፤ ውኃ፣ እበት፣ ጸሎት። አሠሪሽ «ሐሳብሽን አስገቢ» አሉሽ፤ አንቺ በሐሳቡ ፋንታ ጸሎት አስገባሽ። አካሄዱ ግን ያው ነው።

ይህን ስሕተት ያየሁት አንቺ ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ወንድም ጠበል በሁለት ጠርሙስ ይዞ ሊሳፈር ሲል «አውሮፕላን ማረፊያ በመፈተሻው ካለፈ በረከቱ ይጠፋል?» ብሎ በጭንቀት ጠይቆኛል። አንዲት እናት ደግሞ ጸሎት ስትቆጥር ተሳስታ ሌሊቱን ሙሉ እንደ አዲስ ስትጀምር አድራለች። ሁለቱም ከልባቸው አማኞች ናቸው። ግን በረከት ከሰጪው ተለይቶ ዕቃ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሲነቀነቅ የሚፈስ ነገር መስሏቸዋል።

ኤልሳዕን አስቢው። የኢያሪኮ ሰዎች ውኃው ክፉ ነው፣ ምድሪቱም ፍሬዋን ታስወርዳለች አሉት። በአዲስ ማሰሮ ጨው አምጡልኝ አለ፤ ምንጩ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ምን አለ? «ጨው ፈወሰው» አላለም፤ «የእኔ ሐሳብ ፈወሰው» አላለም። «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል፦ ይህን ውኃ ፈውሼዋለሁ» አለ (2ኛ ነገሥት 2፥19-22)። ጨው ነበረ፣ የነቢዩ እጅም ነበረ። ፈዋሹ ግን ሌላ ነው።

«እናቶቻችን ሊጡን አቡክተው ሲከድኑት ያማትቡበት የለ?» ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ ያማትባሉ። አባቴም ጤፍ ሲዘራ የመጀመሪያውን እፍኝ ይዞ ቀና ይልና «በስመ ሥላሴ፣ አንተ ታውቃለህ» ይል ነበር። ከዚያ ይበትነዋል። ሌላ ቃል አልሰማሁትም። ዘሩን አያናግረውም፤ ቀና ብሎ የሚያናግረውን ያውቃል። ደግሞም ሳይበቅል ሲቀር «ጸሎቴ አነሰ» ብሎ አልተሳቀቀም፤ በማግሥቱ ዓመት መልሶ አረሰ። ጳውሎስ «የሚያሳድግ እግዚአብሔር እንጂ የሚተክል ቢሆን የሚያጠጣም ቢሆን ምንም አይደለም» ያለውን (1ኛ ቆሮ 3፥7) አባቴ አላነበበውም፤ ፊደል አልቆጠረም። እጁ ግን ያውቀው ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሰዓቱን ሙሉ አማስዪ፤ ማንም ባያይሽም አታጓድዪ። አዙሪቱ ሳይጠልቅ አትገልብጪው። ይህ ራሱ ለጌታ እንደሚሠራ ሥራ ነው። አሠሪሽ ሐሳብሽን አስገቢ ሲሉሽ በትሕትና «ሥራውን በጥንቃቄ እሠራለሁ፤ ለምድሩ ደግሞ አምላኬን እለምናለሁ» በያቸው። ሰውዬውን ጠንቋይ ብለሽ አትሽሺያቸው፤ አፈሩን የሚወዱ ሰው ናቸው። በርሜሉ ፊት መጸለይሽንም አልከለክልሽም፤ ቀኝና ግራ መቁጠሩን ግን ተዪው። ከመጀመርሽ በፊት አንድ ጊዜ አማትቢና ለእርሻው፣ ለአሠሪሽ፣ ለሚበሉት ሰዎች ለምኚ። ልብሽ አሁንም ከከበደሽ ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ስለ ዝናሙና ስለ ምድሩ ፍሬ ሲጸለይ ደግሞ ያንን ማሳ አስቢው።