ብርቱካንና ሎሚ የሚገባበት አረንጓዴ ሰላጣ፦ ጥያቄና መልስ

አስተባባሪ፦ ዛሬ ብርቱካንና ሎሚ ስለሚገባበት አረንጓዴ ሰላጣ የምትጠይቁትን ሼፍ ይመልሳል። ስትጠይቁ የቅጠሉን ዓይነት፣ የበላተኛውን ብዛትና ቤት ያለውን ሎሚ ጥቀሱ።

ሰሚት፦ ሼፍ፣ እንግዳ አለብኝ። ለአራት ሰው ልኩን ከነአሠራሩ ንገረኝ። ያለኝ ረጅሙ ሰላጣ፣ ሁለት ብርቱካንና የአገር ሎሚ ነው።

ሼፍ፦ 250 ግራም የተለቀመና የደረቀ ቅጠል ይበቃሻል። "የደረቀ" ያልኩትን እንዳታልፊው፤ የሰላጣ ግማሹ ሥራ እሱ ነው። ቅጠል ላይ ውሃ ካለ ዘይት አይይዝም። ማጣፈጫው ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይጠራቀምና ከላይ ያለው አልጫ፣ ከሥር ያለው ጨው በጨው ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው ጨው ይጨምራል፣ ጨው ደግሞ ከቅጠሉ ሌላ ውሃ ያወጣል፣ ይብስበታል። የሚሽከረከረው ማድረቂያ ከሌለሽ ቅጠሉን ንጹሕ ፎጣ ላይ አድርገሽ፣ አራቱን ጫፍ ሰብስበሽ ያዢና በረንዳ ላይ ወጥተሽ ክንድሽን ዘርግተሽ አሽከርክሪው። ከዚያ ሌላ ደረቅ ፎጣ ላይ በትነሽ 15 ደቂቃ ተዪው። አንዱን ቅጠል ስትዳስሺ ጣትሽ መርጠብ የለበትም።

ብርቱካኑን በእጅ አትላጪው። ላዩንና ታቹን ቁረጪ፣ በተቆረጠው በኩል መክተፊያ ላይ አቁሚው፣ ቢላውን ክቡን አስከትለሽ ልጣጩን ከነነጩ ግፈፊ። ነጭ ከቀረ ይመራል። ቀጥሎ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ይዘሽ ከእያንዳንዱ ስስ ቆዳ ግራና ቀኝ ቢላውን እስከ መሐል ስታስገቢ ክፋዩ ራሱ ይወድቃል። እጅሽ ላይ የቀረውን ጨምቂው፤ ከሁለት ብርቱካን 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል ጭማቂ ይወጣዋል።

በዚያ ጭማቂ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ጨምረሽ አሟሚ። ጨው ዘይት ውስጥ ስለማይሟሟ ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት አግብተሽ ክዳን ባለው ብልቃጥ ናጪው። በአንዴ አትጨርሺው። ሁለት ሦስተኛውን ብቻ አፍስሰሽ በእጅሽ ከሥር ወደ ላይ አገላብጪ፣ ቅመሺ፣ ከጎደለ ጨምሪ። ክፋዮቹ መጨረሻ ላይ ከላይ ይደረደራሉ፤ አብረው ከተገላበጡ ይፈርሳሉ።

ቃሪያ፦ የእኔ ሰላጣ ሁልጊዜ ውሃ ይሆናል። ምን ላድርግ?

ሼፍ፦ አድርቀው። አሁን ከላይ ጻፍኩት።

ቃሪያ፦ አድርቄውም ይጠወልጋል።

ሼፍ፦ መቼ እንደምታጣፍጠው አልነገርከኝም። ቀድመህ ከሆነ ሰበቡ ዘይቱ ነው። ሰው ሁሉ ሎሚውን ይወቅሳል፤ የቅጠል ገጽ ግን ሰም ስላለው ጭማቂ ሲንሸራተትበት ዘይት ሰሙን አልፎ ይገባና ያለሰልሰዋል። ሰው ማዕድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ አጣፍጥ። ጥሬ ጎመን ብቻ ነው ከዚህ ሕግ የሚወጣው፦ ግንዱን አውጥተህ፣ በስሱ ከትፈህ፣ በጨውና በሎሚ 2 ደቂቃ አሽተኸው ግማሽ ሰዓት ቢቆይ እንዲያውም ይለሰልስና ይጣፍጣል።

የአዳማዋ፦ ከገበያ ቤት ስደርስ ቅጠሉ ጠውልጎ ነው የሚያልቀው። ይጣል?

ሼፍ፦ ካልበሰበሰ አይጣልም። የግንዱን ጫፍ ቁረጪና በረዶ የገባበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ንከሪው፤ ውሃ ጠጥቶ ይቆማል። ከዚያ አድርቂው።

ጨጨብሳ፦ እዚሁ ላይ ልጠይቅ። አቼቶ ወይም ሎሚ ባለበት ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፎ ማውጣት ይበቃል አይደል? አሜባውን ይገድለዋል ይባላል።

ሼፍ፦ አይበቃም፣ አሜባውን ለመግደልም አስተማማኝ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰላጣና ጎመን በአቃቂ ወንዝ ውሃ እንደሚለማ የታወቀ ነው፤ ወንዙ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ነው የሚሄደው። የአሜባ ቋት (አሜባው በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚቆይበት መልኩ) እና የወስፋት እንቁላል ቅጠሉ ላይ ይጣበቃሉ፤ የሚነሡት በመታሸት ነው። እያንዳንዱን ቅጠል ለብቻው ነጥላችሁ፣ በሚፈስ ውሃ ሥር ፊትና ጀርባውን በጣት እሹ። አፈር የሚሰበሰበው ግንዱ ሥር ስለሆነ እዚያ ላይ አትቸኩሉ።

ከዚያ ነው ለባክቴሪያው ክሎሪን የሚመጣው። ሽታ ያልተጨመረበት፣ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ 1 የሻይ ማንኪያ በ2.5 ሊትር ውሃ፣ 2 ደቂቃ፤ ቀጥሎ ለመጠጥ በሚሆን ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ። መቶኛው ያልተጻፈበትን አትጠቀሙ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ክሎሪን በዚህ መጠን ወስፋትንና አሜባን አስተማማኝ አድርጎ አይገድልም፤ ስለዚህ ማሸቱ አይቀርም።

ሰሚት፦ በረኪና ምግብ ላይ? እኔ አላደርገውም።

ጨጨብሳ፦ እኔም። ዕድሜ ልካችንን በሎሚ አይደል ያጠብነው? ምን ሆንን?

የአዳማዋ፦ ምን ሆንን ትላለህ? በየዓመቱ ታይፎይድና አሜባ ያልያዘው ሰው እስቲ ጥራልኝ።

ጨጨብሳ፦ እሱ ከውሃው ነው እንጂ ከሰላጣው ማን አለሽ?

የአዳማዋ፦ ሰላጣው የጠጣው ምን ሆነና!

ሼፍ፦ ይብቃ። በረኪናውን የማይፈልግ ይተወው፤ ማሸቱንና ንጹሑን ውሃ ግን ማንም አይተው። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ቅጠሉን አብስላችሁ ስጧት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ በከረጢት የታሸገው "ታጥቧል" ይላል። እንደገና ይታጠብ?

ሼፍ፦ ለመበላት ዝግጁ የሚል ከሆነ አይታጠብም፤ ከማጠቢያ ገንዳህ ነው ብክለት የሚያገኘው። ከረጢቱ ውስጥ ጠል ካለ ግን በፎጣ አድርቀው።

ከሪያድ፦ ሼፍዬ፣ ማጣፈጫውን ጠዋት ሠርቼ ሥራ ቦታ ይዤ እሄዳለሁ። ጠዋት ስቀምሰው ጣፋጭ ነው፣ ምሳ ሰዓት ይመራል። ብርቱካኑ የግብፅ ነው፣ ታቹ ላይ እምብርት ያለው።

ሼፍ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የብርቱካኑ ዓይነት ነው። እምብርት ያለው ብርቱካን ሥጋው ውስጥ የማይመር አንድ ንጥረ ነገር ይዟል። ፍሬው ሲጨመቅ ያ ነገር ከጭማቂው አሲድ ጋር ይገናኝና ቀስ በቀስ ወደ ሊሞኒን ይለወጣል፤ ሊሞኒን በጣም መራራ ነው። ለውጡ ሰዓታት ስለሚፈጅ ጠዋት አትደርሺበትም። ጭማቂ ፋብሪካዎች ቫሌንሺያ የሚባለውን የብርቱካን ዓይነት የሚመርጡት አንዱም በዚህ ነው፤ የእሱ ሥጋ ያንን ነገር እምብዛም የለውም። ግን የቫሌንሺያ ዘር ሲፈጭ ያመራል፣ ዘሩን ሳትለቅሚ በማሽን እንዳትፈጪው።

ያንቺ መፍትሔ ቀላል ነው። ጠዋት በብልቃጥ የምትይዢው ሎሚ፣ ጨው፣ ማርና ዘይት ብቻ ይሁን፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ለ2 ዘይት። ብርቱካኑን ሳትልጪ ያዢና እዚያው ቁረጪው፣ ጭማቂውንም እዚያው ጨምሪ። ሎሚውንም ስትጨምቂ እስኪደቅ አትጭመቂው፤ የቅርፊቱ ዘይት ሲገባ ሌላ ምሬት ይመጣል። ቅጠሉ ደርቆ፣ ሶፍት ከሥሩ ተነጥፎለት በሌላ ዕቃ ይሂድ።

ጎጃሜው፦ ሰናፍጭ ቢገባበትስ? ሞክሬው ነበር፣ ምንም አልተሰማኝም።

ሼፍ፦ ዱቄቱን በቀጥታ ሎሚው ውስጥ ከጨመርከው አይሰማህም፤ አሲድ ኃይሉ እንዳይወጣ ያግደዋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በ1 የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ለውስ፣ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ አፍንጫህን ሲመታህ ያን ጊዜ ሎሚው ይግባ። ሌላም ጥቅም አለው፦ ዘይቱንና ጭማቂውን አያይዞ ቶሎ እንዳይለያዩ ያደርጋል።

ቃሪያ፦ ማሩ ለጾም ይሆናል?

ጎጃሜው፦ ምን ችግር አለው? ብርዝ በጾም ይጠጣ የለ?

ጨጨብሳ፦ እኛ ቤት በጾም ማር አይበላም።

ሼፍ፦ እሱን ለንስሐ አባታችሁ። ማር ባይገባ ጣፋጭ ብርቱካን ይበቃዋል።

የአዳማዋ፦ የኑግ ዘይት ይሆናል? ሽንኩርትስ?

ሼፍ፦ ኑግ ጥሬውን ይጫናል፤ የሱፍ አበባ ዘይት ይሻላል። ቀይ ሽንኩርቱን እንደ ወረቀት አሳስተሽ ቁረጪና በሎሚና በቁንጥጫ ጨው 10 ደቂቃ አቆይው። ቀለሙ ወደ ሮዝ ሲሄድ ንዴቱ በርዷል ማለት ነው። አጥልለሽ ጨምሪ።

ከነታንያ፦ እዚህ እስራኤል ፖሜሎና ሱዊቲ የሚባሉ የብርቱካን ዘመዶች ሞልተዋል። በብርቱካን ፈንታ ይገባሉ?

ሼፍ፦ ይገባሉ። ስስ ቆዳቸው መራራ ስለሆነ አንድም እንዳይቀር፤ ሥጋውን ብቻ በእጅ ፈልፍይ። ሱዊቲ የፖሜሎና የግሬፕፍሩት ድቅል ነው፣ አሲዱ ትንሽ ነው፤ ሎሚውን ወደ 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ከፍ አድርጊው።

እዚህ ላይ ግን ሁላችሁም ስሙኝ። ግሬፕፍሩት፣ ፖሜሎና የእነሱ ድቅል መድኃኒት ላይ ችግር ያመጣሉ። አንዳንድ መድኃኒት አንጀት ውስጥ የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያግዱ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ደም ውስጥ ይገባል። ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን፣ ለደም ግፊት ኒፌዲፒን ወይም ፌሎዲፒን የሚወስድ እንግዳ ካለ በፊቱ አታቅርቡት። ዝርዝሩ ከዚህ ይረዝማል፣ ፋርማሲስት ጠይቁ። ተራው ጣፋጭ ብርቱካን እንዲህ አያደርግም።

ሰሚት፦ ሼፍ፣ ሰላጣው እንዳይረጥብብኝ ምን ላድርግ?

ሼፍ፦ ፎጣው። በረንዳው። ከላይ አለልሽ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አባቴ አቶርቫስታቲን ይወስዳል፣ ግሬፕፍሩትም ይወዳል። መድኃኒቱን ማታ ወስዶ ሰላጣውን ለምሳ ቢበላስ?

ሼፍ፦ ሰዓት ማራራቅ አያድነውም። የታገደው ኢንዛይም እስኪተካ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይብላው። የግሬፕፍሩቱን ጣዕም ከፈለገው ብርቱካኑን እንደነገርኩት ክፈልለት፣ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምርበት፣ መራራውን ከቅጠሉ ያግኝ፤ እዚያ አሩጉላ የሚባለውን መራራ ቅጠል አታጣም፣ ከቅጠሉ አንድ ሦስተኛው እሱ ይሁን።