ስልቻው የማን ነበር?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ አንዲት ወጣት «የክረምት በጎ ፈቃደኞች ወደ ሙዚየማችን ለሁለት ሳምንት ይመጡና ይጠፋሉ፤ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ልጽፍ ስቀመጥ አንዲት እናት ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

በ1986 ነው። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም፣ በአንድ አነስተኛ ሙዚየም የአስጎብኚዎች ኃላፊ ነበርሁ። እኒህ እናት በገበያ ቀን የያዙትን ሸጠው ሲያበቁ ይመጡና ማንም ሳያዛቸው አቧራ ይጠርጋሉ። ጎብኚ ሲገባ ከአንድ የቆዳ ስልቻ አጠገብ ይቆማሉ። መግለጫው «የእህል ስልቻ» ይላል። እሳቸው ግን «ከላይ በሶ፣ ከሥር ጥይት ነበረበት» ይላሉ፤ በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከእናታቸው ጋር ኬላ አሳልፈው ለአርበኞች ያደርሱ ነበር። ባንዳው እጁን ወደ ስልቻው ሲሰድ እናታቸው «ቅመስ እንጂ!» ብለው እፍኝ በሶ እንደሰጡት ሲያወሩ ሰው ከቧቸው ይሰማል።

አንድ ቀን ከበላይ አካል ተቆጣጣሪ መጣ። ያልተጻፈ ነገር ተነገረ ብዬ ደነገጥሁና «እማማ፣ የተጻፈውን ብቻ ይንገሩልኝ» አልኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «እሺ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ከዓመታት በኋላ ቤታቸውን አጠያይቄ ብሄድ አርፈዋል። የበላይ ዘለቀን ስም የማያውቅ የለም፤ ስንቅ ያቀበሉትን ሴቶች ስም ግን ማን ያውቃል? እኔ እጄ ላይ የነበረውን እንኳ አልጻፍሁትም።

ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ ንጽሕና አልነግራችሁም። አባቴ ለአጨዳ ደቦ ሲጠራ ጠላው አስቀድሞ ይጠመቃል፤ እህል መከመር የሚያውቀውን ሰው ደግሞ ማጭድ አያስይዘውም ነበር። እኛ ግን የመጣውን ሁሉ መጥረጊያ አስይዘን በምስክር ወረቀት እንሸኛለን።

የዘንድሮ ወጣት ፎቶ ተነሥቶ ለመሄድ ይቸኩላል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ግን ያው ስልክ ድምፅም ይቀዳል። እኔም በ1986 እስክሪብቶ ነበረኝ።

ልጄ፣ በር ላይ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት በወሬ ሥራ እንደሚያስፈቷችሁ ጽፈሽልኛል። እባክሽ አታስነሻቸው። ነገ ቡና አስፈዪና ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ከበጎ ፈቃደኞችሽ አንዱን ከነስልኩ አጠገባቸው አስቀምጪ። ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ የሚያወሩለትን ዕቃ የመዝገብ ቁጥር ያስፍር።