ስለ ሽንቱም ጠይቁት

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ነው ያረጀሁት። ዘንድሮ ሥራ ለምትጀምሩት አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ።

አንድ ሰው ነበር፤ ስኪዞፍሬኒያ አለበት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም። ኦላንዛፒን የሚባለውን የሕመሙን መድኃኒት እየወሰደ ደህና ነበር። ሰኞ ገበያ ለአንድ ነጋዴ ጆንያ ይቆጥራል። ጁምዓ አያመልጠውም። ጎረቤት ቡና ሲጠራው ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጣል። ድምፁ ጨርሶ ባይጠፋም «ይንጫጫ፣ አልመልስለትም» ይል ነበር።

ከዚያ ድንገት ቤት ዋለ። መስጊድም ቀረ። እናቱ «ተነሳበት» ብለው አመጡት። እኔም ቸኩዬ «ድምፅ ይሰማሃል?» አልኩት። «አዎ» ሲለኝ አለቀ፣ መድኃኒቱን ከፍ አደረግሁለት። ድምፁማ ድሮም ይሰማው ነበር እኮ!

በወሩ ሲመጣ ትልቁን ሃይላንድ ውሃ ታቅፏል። እያወራን ግማሹን ጨረሰው። ያኔ ነቃሁ።

«መስጊድ ለምን ቀረህ?»

አንገቱን ደፋ። «ሽንቴ እየመጣ ውዱእ አልቆይ አለኝ። ከሰው መሀል እየተነሱ መውጣት አፈርኩ።»

ውሃ ጥማቱም ሽንቱም የስኳር ምልክት ነው። ስኳሩ ሲለካ 380 ሆነ፣ እጅግ ከፍተኛ። ኦላንዛፒን ደግሞ ክብደትና ስኳር በመጨመር የታወቀ መድኃኒት ነው። እኔ ጨመርኩለት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ያለ ዕድሜው የመሞት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገድለውም የልብ በሽታ፣ ስኳር፣ ኢንፌክሽን ነው። «አመመኝ» ሲል ግን «የሱ ነገር» ተብሎ ይታለፋል። በባለሙያም ጭምር።

እናም መዝኑት። ወገቡን፣ ግፊቱን፣ ስኳሩን ለኩ፤ መድኃኒት ሳይጀምርም፣ ከጀመረ በኋላም በየጊዜው። ስለ ሲጋራና ጫት ሳትቆጡ ጠይቁት። ከሰው ራቀ ሲሏችሁ ደግሞ ምኑን እንደተወ፣ ለምን እንደተወ ከራሱ ስሙ። አንዲት ሴት ቡና ላይ መቅረቧን ጎረቤቶቿ ኩራት አድርገውት ነበር። ለካ ሃሎፔሪዶል የሚባለው የሕመሟ መርፌ እጇን እያንቀጠቀጠው ሲኒው ይንኳኳባታል። የመርፌውን መጠን ስንቀንስላት ተመለሰች።

ሰውዬው ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ጀመረ። ሐኪሙም ኦላንዛፒኑን ቀስ እያለ በሌላ ቀየረለት። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ቀጠሮውን ዓርብ ብዬ ብጽፍለት ካርዱን መለሰልኝ።

«ሲስተር፣ ሐሙስ ያድርጉልኝ። ዓርብ ጁምዓ አለብኝ።»