ለፕሮቤት ዳኝነት ልወዳደር?

ጥያቄ፦ አትላንታ አጠገብ ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ በጥብቅና ሠርቻለሁ። የምይዘው በአብዛኛው የኑዛዜ፣ የውርስና የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው። በ2028 ለካውንቲው ፕሮቤት ዳኝነት (የኑዛዜ፣ የውርስና የሞግዚትነት ጉዳይ ለሚታይበት ፍርድ ቤት) ልወዳደር አስቤያለሁ። ወዳጆቼ «ሐበሻው ሁሉ ይመርጥሃል፣ ግባበት» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ይወዳደሩ። በጆርጂያ እንደ ዲካልብ ባለ ትልቅ ካውንቲ የፕሮቤት ዳኛ የሚሆነው 30 ዓመት የሞላውና 7 ዓመት በጥብቅና የሠራ ሰው ነው። እርስዎ ይህን አልፈዋል። እኔን ያሳሰበኝ የወዳጆችዎ ምክር ነው።

ድምፅ የሚሰጠው ዜግነት ያለውና በመራጭነት የተመዘገበ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ለምርጫ ዘመቻዎ ገንዘብ ማዋጣት ይችላል፣ መምረጥ ግን አይችልም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቀው፣ ወይም አዲስ አበባ ያለው አጎትዎ፣ ማዋጣትም አይችልም። የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ በደስታም በለቅሶም ቤት ማንም በስምዎ ብር እንዳይሰበስብ ዛሬውኑ ይናገሩ። ሕጉን የሚያውቅ ገንዘብ ያዥ ይፈልጉ። በቅን ልብ የተሰጠ ገንዘብ ስም ሲያጠፋ ማየት ያሳዝናል።

ከገንዘቡ የሚከብደው «የኛ ዳኛ» የሚለው ተስፋ ነው። አገር ቤት ዳኛን የሚሾመው ምክር ቤት ነው፤ ዳኛ «ምረጡኝ» ሲል ወገኖቻችን አያውቁም። ስለዚህ እንደ ፓርላማ ተወዳዳሪ ቃል እንዲገቡላቸው ይጠብቃሉ። ስለማንም ጉዳይ ውጤት ቃል መግባት አይችሉም። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በጊዜው እንዲያቀርብ፣ ቅጾቹ ለተራ ሰው እንዲገቡ እጥራለሁ ማለት ግን ይችላሉ። የሚያጠራጥር ንግግር ካለ የግዛቱን የዳኞች ሥነ ምግባር ኮሚሽን አስቀድመው ይጠይቁ።

ዋናው ጥንካሬዎ ሥራውን ማወቅዎ ነው። ፕሮቤት ፍርድ ቤት የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጥበት ብቻ አይደለም። ባሏ ሞቶ የባንክ ሒሳቡን ማንቀሳቀስ ያቃታት ሴት እዚያ ትቆማለች። የአእምሮ እክል ያለበት ልጃቸው 18 ዓመት ሲሞላው ሞግዚትነት የሚጠይቁ ወላጆችም እንዲሁ። ብዙዎቹ ጠበቃ የላቸውም። ጆርጂያ ውስጥ ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው ሚስትና ልጆች ካሉት፣ ሚስት ውርሱን ከልጆቹ ጋር እኩል ትካፈላለች፤ ድርሻዋ ግን ከሲሶ አያንስም። ሁሉም የእኔ ነው ብላ የምትመጣው ብዙ ናት። ይህን ከአሁኑ በየዕድሩ ቢያስረዱ፣ ቢሸነፉም እንኳ የሚጠቀም ቤተሰብ አለ።

ግን ዕድር ብቻ አይበቃም። በካውንቲው ውስጥ ሊቶንያና ስቶን ማውንቴን ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን መራጮች እርስዎን አያውቁዎትም። ጊዜዎን በብዛት የሚሰጡት ለእነሱ ይሁን። ዲኬተር ባለው የካውንቲው ፍርድ ቤትም የሌሎች ጠበቆች ችሎት ገብተው ይቀመጡ፤ ዳኛው ሐዘንተኛን እንዴት እንደሚያናግር ይዩ።

ሌላው ቢሮዎ ነው። የሙሉ ጊዜ ዳኛ ጥብቅና አይሠራም። የጥገኝነት ጉዳይ ዓመታት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከ2027 ጀምሮ አዲስ ረጅም ጉዳይ አይያዙ፣ የያዟቸውን የሚረከብ ጠበቃም ያዘጋጁ። ለዕጩነት መመዝገቢያው ክፍያ የዳኛው ዓመታዊ ደመወዝ 3 በመቶ ነው። የዘመቻው ወጪ ከዚያ በላይ ስለሚሄድ፣ ከቤት ቁጠባ ስንት እንደሚወጣ ከባለቤትዎ ጋር ቁጥሩን ጽፈው ይስማሙ።